የሪቨርስ መብራት ሲጠፋ ወይም ሲደበዝዝ፦ አምፖሉ ነው፣ ማሳው ነው ወይስ የካምቢዮው ስዊች?

ነጭ ቪትዝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ2007 ስሪት ቪትዝ ነው፣ ሊብሬው ላይ ያሪስ ይላል። ማንዋል ካምቢዮ፣ ከአውሮፓ የገባ። የኋላ ማርሽ ሲገባ ቀኙ ብቻ ይበራል፤ እሱም ደብዛዛ ሆኖ ወደ ቢጫ ያደላል። ግራው ጭራሽ የለም። ለዓመታዊ ምርመራ ከመውሰዴ በፊት ላስተካክለው ፈልጌ ነው። ሁለት አምፖል ገዝቼ ልቀይር ወይስ ሌላ የሚታይ ነገር አለ? ምን ምንስ ይፈታል?

ቮልት፦

ገና አምፖል አትግዛ። መጀመሪያ የሚለየው የጠፋው አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም የሚለው ነው። ሁለቱም ከጠፉ አምፖሉን ለጊዜው ተወው። ሁለት አምፖል ባንዴ የሚቃጠልበት አጋጣሚ ብዙ ስላልሆነ ጥርጣሬው ፊውዙና ካምቢዮው ላይ ያለው ስዊች ጋ ይሄዳል። አንዱ እየበራ አንዱ ከጠፋ ደግሞ ፊውዙም ስዊቹም ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ችግሩ እዚያው መብራቱ አጠገብ ነው፦ አምፖል፣ ሶኬት ወይም ማሳ (ከመብራቱ ወደ ቦዲው የሚመለሰው የኔጋቲቭ መስመር)።

ያንተ ግራ ግን ከነጭራሹ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ ብዙ ትናንሽ መኪኖች ሪቨርስ መብራታቸው አንድ ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 48 ርዝመቱ ከ6 ሜትር ለማይበልጥ መኪና አንድ ሪቨርስ መብራት ግዴታ ያደርጋል፤ ሁለተኛውን ለፋብሪካው ምርጫ ይተወዋል። በባዶው ጎን የኋላ የጉም መብራት ይገባበታል። የጉም መብራቱ አንድ ከሆነ ደግሞ ደንቡ የሚያዘው ቀኝ ይዞ በሚነዳ አገር ግራ በኩል እንዲሆን ነው። ስለዚህ ቀኝ ነጭ፣ ግራ ቀይ።

ለማረጋገጥ፦ ቀኙ ላይ ሽፋኑ ነጭ የሆነበትን ቦታ ግራው ላይ ተመልከት። ቀይ ከሆነ የፊት መብራቱን አብራና የኋላ ጉም ማብሪያውን ክፈት (ያለ ፊት መብራት አይሠራም)። ግራው ቀይ ከበራ እዚያ ጎን የምትቀይረው ነገር የለም። መርማሪው ከጠየቀህም ይህንኑ አሳየው።

ቀኙ መደብዘዙ ግን እውነተኛ ብልሽት ነው። ብቻህን ከሆንክ የመኪናውን ጀርባ ወደ ግድግዳ አስጠግተህ አቁም፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን ኮንታክት ላይ ብቻ አድርግና የኋላ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ ስለማይሠራ ፍሪሲዮኑን ለቀህ መውረድ ትችላለህ። ኦቶማቲክ ያላችሁ ግን አስተውሉ፦ ማርሹ አር ላይ ሲሆን መኪናውን የሚይዘው ነገር የለም፤ ያለ እጅ ፍሬንና ያለ ድንጋይ እንዳትሞክሩት።

ዳዶ 10፦

የሚፈታውን ልንገርህ። የኋላውን በር ክፈት፤ በመብራቱ ጠርዝ በኩል ሁለት ቡሎን ይታያል፣ 10 ቁልፍ ነው። ከፈታሃቸው በኋላም መብራቱ በቀላሉ አይወጣም፤ በውጭ በኩል በፕላስቲክ እሾህ ተይዟል። እዚህ ጋ ነው ሰው ካቻቪቴ አስገብቶ የሚፈነቅለውና ቀለም የሚልጠው፣ አልፎም ሽፋኑን የሚሰነጥቀው። በሁለት እጅ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ሳበው፣ ወደ ጎን አትጠምዝዘው። ሽቦው ረጅም ስላልሆነ ሲለቅ በአንድ እጅ ደግፈው።

ከጀርባው የምታያቸው ክብ ፕላስቲኮች የአምፖል ሶኬቶች ናቸው። የሪቨርሱን ወደ ግራ ትንሽ ብታዞረው ይወጣል። አምፖሉ ከሥሩ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ከሆነ አይዞርም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚነቀለው። በጨርቅ ያዘው፤ አሮጌ አምፖል እጅ ውስጥ ይሰበራል። ከሥሩ ነሐስ ከሆነና ሁለት ጉጥ ካለው ደግሞ ወደ ውስጥ ገፋ አድርገህ ወደ ግራ ታዞረዋለህ።

ሶኬቱ ላይ የላስቲክ ቀለበት አለ። ስትመልሰው ተጣጥፎ ወይም ወድቆ ከቀረ ውኃ የሚገባው በዚያ ነው። ከመብራቱ ጀርባ ያለውንም ስፖንጅ እይ፤ ከተበጣጠሰ ዝናብ ወደ መኪናው ውስጥ ይወርዳል። ቡሎኖቹን ስታጠብቅ ደግሞ ቀስ በል፤ የሚይዙት ፕላስቲክ ነው። ሁሉንም ከመዝጋትህ በፊት አብርተህ ሞክር።

የሴዳን ባለቤቶች፣ የእናንተ አብዛኛውን ጊዜ ከፖርቶ ባጋሊዮ ውስጥ ነው። የጎኑን ምንጣፍ የያዙትን የፕላስቲክ ቁልፎች አውጥታችሁ ምንጣፉን ስታጥፉ ሶኬቱ ይገኛል፤ መብራቱን መፍታት ላያስፈልግ ይችላል።

ሶማሌ ተራ፦

አምፖል በመኪና ስም አትጠይቁ። አንድ ዓይነት መኪና በተለያየ ገበያ የተለያየ አምፖል ይዞ ይመጣል። አሮጌውን ይዛችሁ ኑ፤ ጽሑፉ ነሐሱ ላይ ወይም ብርጭቆው ሥር አለ።

በሪቨርስ ላይ በብዛት የሚገኙት ሦስት ናቸው። ትንሹ ጠፍጣፋ እግር ያለው «ደብልዩ 16 ደብልዩ» ነው፣ 16 ዋት፤ በአሜሪካ ቁጥሩ 921። ትልቁ ጠፍጣፋ «ደብልዩ 21 ደብልዩ»፣ 21 ዋት፣ በአሜሪካ 7440። ባለ ነሐሱ «ፒ 21 ደብልዩ»፣ እሱም 21 ዋት፣ በአሜሪካ 1156 ይሉታል። ትንሹ ትልቁ ሶኬት ውስጥ ቢገባም ይወዛወዛል፤ መኪናው ሲነቃነቅ ይበራል ይጠፋል።

ባለ ነሐሱ ላይ ሦስት ስህተት ይፈጠራል።

አንደኛ፣ የስቶፑን አምፖል ለሪቨርስ መስጠት። የስቶፕና የፓርኪንጉ ሁለት ክር (ውስጡ ግሎ የሚያበራው ቀጭን ሽቦ) አለው፣ ከሥሩም ሁለት ነጥብ፤ የጎን ጉጦቹም ከፍታቸው እኩል አይደለም። የሪቨርሱ አንድ ክር፣ አንድ ነጥብ፣ ጉጦቹም ትይዩ ናቸው። በፒንሳ አስገድዶ የሚያስገባ ሰው አለ፤ ከዚያ በኋላ ነው ፊውዝ የሚመታው (የሚቃጠለው)።

ሁለተኛ፣ ብርቱካናማው የፍሬቻ አምፖል። ጉጦቹ ትይዩ ስላልሆኑ በትክክል አይቀመጥም። ቢበራም ሪቨርስ መብራት ነጭ መሆን አለበትና አያልፍም።

ሦስተኛውና ሰው የማያየው፣ የ24 ቮልት አምፖል ነው። ለኤንፒአርና ለሌሎች የጭነት መኪኖች የሚሸጠው ባለ ነሐስ መልኩ ከ12ቱ አይለይም፤ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። በ12 ቮልት መኪና ላይ ሲገባ ቀይ ቢጫ ሆኖ ደብዝዞ ይበራል እንጂ አይቃጠልም፤ ሰውም «ሽቦው ደክሟል» ብሎ ሲፈልግ ይውላል። ነሐሱ ላይ 12 የሚለውን ሳታነብ አትክፈል።

ነጭ ቪትዝ፦

እናመሰግናለን። ግራው ሽፋኑ ቀይ ነው፣ የጉም ማብሪያው ሲከፈትም ይበራል። እሱ ተዘጋ። ቀኙ ባለ ጠፍጣፋው ነው፣ 12 ቮልት 16 ዋት ይላል። ብርጭቆው ከውስጥ ጠቁሯል። አዲስ ገባበት፤ ትንሽ ተሻለ እንጂ አሁንም ነጭ አይደለም። ሶኬቱ ውስጥ ካሉት ሁለት ብረቶች አንዱ ቡናማ ሆኗል። በቴስተር ሲለካ ባትሪው 12.4፣ አምፖሉ ወጥቶ ሶኬቱ ላይ 12.3፣ አምፖሉ ገብቶ እየበራ 10.6 ነው።

ቮልት፦

ልኬቱን አምፖሉ እየበራ መውሰድህ ጥሩ አድርገሃል። ብዙ ሰው አምፖሉን አውጥቶ 12 ሲያይ ሽቦው ደህና ነው ይላል። ቴስተር የሚስበው ጅረት ከምንም አይቆጠርም፤ በዝገት የታፈነ መገናኛም ለቴስተር ሙሉ 12 ያሳልፋል። አምፖሉ ከ1 አምፔር በላይ ሲስብ ነው መገናኛው የሚጋለጠው።

የ1.8 ቮልት ማነስ ትንሽ ይመስላል፣ ግን አይደለም። የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ በጣም ፈጥኖ ይወርዳል፤ ቮልቴጁ 15 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 40 በመቶ ገደማ ይጠፋል፣ ቀለሙም ቢጫ ይሆናል። ያየኸው እሱን ነው።

አሁን 1.8ቱ የት እንደሚቀር ለይ። አምፖሉ እየበራ ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ (ካልደረሰልህ ንጹሕ የቦዲ ብረት ላይ)፣ ቀዩን በማሳው ሽቦ በኩል ያለው የአምፖሉ እግር ላይ አድርግ። በቶዮታ ማሳው አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር መስመር ያለው ነጭ ሽቦ ነው። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየህ ማሳው ነው። ከዚያ በታች ከሆነ የሚቀረው በፖዘቲቩ መንገድ ላይ ነው፦ ሶኬቱ፣ የመሃል ሶኬት ወይም የካምቢዮው ስዊች።

እኔ የምጠረጥረው ቡናማ የሆነውን ብረት ነው። ቡናማ ማለት ሞቋል፤ የሚሞቀው ደግሞ መገናኛው ስለላላ ወይም ስለዛገ ነው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥረገው፣ ጫፉን በትንሽ ካቻቪቴ ወደ ውስጥ አጠፍ አድርገህ አምፖሉን አጥብቆ እንዲይዝ አድርግ፣ በኮንታክት ማጽጃ እጠበው። ይህን ስትሠራ ኮንታክቱ ይጥፋ። ብረቱ በሙቀት ሰማያዊ ከሆነ ወይም ፕላስቲኩ ከቀለጠ አትድከም፣ ሶኬቱን ከነሽቦው ቀይር፤ ስፕሪንግነቱ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይላላል።

ጥቁሩን አሮጌ አምፖልም አትመልሰው። የጠቆረው ከክሩ የተነነው ተንግስተን ብርጭቆው ላይ ተለጥፎ ነው፤ ክሩ ቀጥኗል ማለት ነው። ውስጡ ነጭ ዱቄት የለበሰ አምፖል ካያችሁ ደግሞ አየር ገብቶበታል፣ ብርጭቆው ተሰንጥቋል።

ባለ 5 ማርሽ፦

ርዕሱ ላይ የካምቢዮው ስዊች ስላለ፣ ሁለቱም ለጠፋባቸው ሰዎች ልጨምር።

ከፊውዝ ጀምሩ። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ሪቨርሱ የራሱ ፊውዝ የለውም፤ «ጌጅ» ተብሎ ከተጻፈው ባለ 10 አምፔር ቀይ ፊውዝ ነው የሚካፈለው፣ የኳድሮው (የዳሽቦርዱ) መለኪያዎችም ከዚያው ይወስዳሉ። ጥቅሙ፣ ኳድሮው እየሠራ ሪቨርሱ ብቻ ከጠፋ ፊውዙን ሳትከፍቱ ንጹሕ ነው ማለት ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ስዊቹ። በማንዋል ካምቢዮ ላይ የተጠመዘዘ፣ ሁለት ሽቦ ያለው ትልቅ ቡሎን የመሰለ ነገር ነው። የኋላ ማርሽ ሲገባ ከውስጥ ጫፉ ይጫንና ሁለቱን ሽቦ ያገናኛል። ሶኬቱን ነቅላችሁ ሁለቱን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኙ፣ ኮንታክት አብሩ። መብራቱ ከበራ ስዊቹ ሞቷል፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ካልበራ ስዊቹን አትንኩ፤ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። በቴስተር ከሆነ፣ የተፈታ ስዊች ጫፉ ሲጫን ከ1 ኦም በታች፣ ሲለቀቅ ክፍት ማሳየት አለበት። አንዳንዱ ሲጫን 10 እና 20 ኦም ያሳያል፤ እንዲህ ያለው ያበራል ግን ያደበዝዛል።

ስዊቹ ሲፈታ የካምቢዮ ዘይት ሊወጣ ስለሚችል ሥሩ ሰሃን አድርጉ። የአሉሚኒየም ጓርኒሲዮኑን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን ቀለበት) አዲስ አድርጉ፤ አሮጌው አንዴ ስለተጨፈለቀ መልሶ አይዘጋም። ማጥበቂያው በብዙ የቶዮታ ካምቢዮ 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በረጅም ቁልፍ የሚያጠብቅ ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል፣ ከዚያ የካምቢዮ ቤት ጥገና ይመጣል። በመጨረሻ የፈሰሰውን ያህል ዘይት መልሱ።

በኦቶማቲክ ነገሩ ሌላ ነው። ሪቨርሱን የሚያበራው ካምቢዮው ጎን ላይ ያለው የማርሽ ቦታ ስዊች ነው፤ ሞተሩ ፒና ኤን ላይ ብቻ እንዲነሣ የሚያደርገውም እሱ ነው። እዚያ ላይ ብዙ ፒን ስላለ ሽቦ ማገናኘት የሚባል ነገር እንዳትሞክሩ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ሪቨርሱ አልበራ ብሎ ሞተሩም ፒ ላይ አልነሣ ብሎ ኤን ላይ ከተነሣ ስዊቹ ከቦታው ተንሸራቷል። ማርሹን ኤን ላይ አድርጋችሁ የያዙትን ቡሎኖች ታላላላችሁ፣ ስዊቹ ላይ ያለውን የኤን መስመር ከዘንጉ ምልክት ጋር ታገጥማላችሁ፣ ታጠብቃላችሁ። አዲስ ስዊች የሚገዛው ይህ ተሞክሮ እንቢ ሲል ነው።

አባዱላ፦

ጋሽ ባለ 5 ማርሽ፣ አንድ ጥያቄ። የኋላ ማርሽ በገባ ቁጥር ፊውዙ ይመታል። ካልገባ ምንም የለም። የኋላ ካሜራ በኋላ የተጨመረለት መኪና ነው። አንድ ሠራተኛ 20 አምፔር አድርግበት ይላል።

ባለ 5 ማርሽ፦

20 አታድርግ። ሁለት የ21 ዋት አምፖል ባንድ ላይ 42 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት 3.5 አምፔር። ካሜራው ከግማሽ አምፔር አይበልጥም። 10 አምፔር ለዚህ ሁሉ ተርፎ ይበቃል፤ 10ሩ ከመታ የሆነ ቦታ ሽቦ ከብረት ጋር ተገናኝቷል። ቢጫውን 20 ስታስገባ የሚቃጠለው ፊውዙ መሆኑ ይቀርና ሽቦው ይሆናል፤ በተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት የሚጠቀልሉትም ያው ናቸው።

ካሜራው ተጠርጣሪ ቁጥር አንድ ነው። ካሜራ ገጣሚዎች የመቀስቀሻውን ሽቦ ከሪቨርሱ ፖዘቲቭ ላይ ይቀጥላሉ፤ ልጠው ጠምዝዘው በናስትሮ ጠቅልለው ይተዉታል። ሙቀት ሲያገኘው ናስትሮው ይለቅና የተላጠው ሽቦ ቦዲ ይነካል። ያንን ቅጥል ፈልገህ አላቅቀው፣ አዲስ 10 አስገባ፣ ማርሹን ሞክር። ካልመታ አገኘኸው፤ በብየዳና ሙቀት በሚያጠብቀው ላስቲክ አድርገህ መልሰው፣ ለካሜራውም የራሱን 1 ወይም 2 አምፔር ፊውዝ በመስመሩ ላይ ጨምር።

አሁንም ከመታ አምፖሎቹን አውጥተህ ሞክር። ያኔ ካልመታ አንዱ አምፖል ወይም ሶኬቱ ውስጡ ሾርት ነው። አሁንም ከመታ ሽቦውን ተከተል። መብራቱ በበሩ ላይ በሆነበት መኪና መጀመሪያ የሚታየው ቦዲውና በሩ መሃል ያለው የላስቲክ ቱቦ ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር እዚያ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ይታጠፋሉ፣ ልባሳቸው ይሰነጠቃል፣ ውለው አድረው ይበጠሳሉ። ላስቲኩን ወደ አንድ ጎን ገፍተህ እያንዳንዱን ሽቦ ቀስ ብለህ ሳብ፤ የሚለጠጠው ውስጡ ተበጥሷል።

ቨርጂኒያ፦

እዚህ አሜሪካ 921 እና 1156 ኤልኢዲ በርካሽ ይገኛል፣ ለቤተሰብ የምንልከውም እሱን ነው። ኤልኢዲ ቢደረግ ይህ የቮልቴጅ ጣጣ በሙሉ ይቀራል። የሚስበው ትንሽ ስለሆነ ሶኬቱም አይሞቅም።

ቮልት፦

ሶኬቱ አለመሞቁ እውነት ነው። ጣጣው ይቀራል የሚለውን ግን አልቀበልም፤ የዛገውን ማሳ ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። በዚያው ማሳ ላይ ስቶፑና ፍሬቻውም ካሉ እነሱ መበላሸታቸውን ይቀጥላሉ። ፍሬን ስትረግጥ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ መኪና ካያችሁ ያ ነው።

ሌላው አንጸባራቂው ነው። የመብራቱ ቤት የተሠራው ብርሃን ከአንዲት ክር፣ ከአንድ ነጥብ እንዲወጣ ታስቦ ነው። ኤልኢዲው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ የሚረጭ ከሆነ ስታየው ዓይን ይወጋል፣ መሬቱ ላይ ግን የሚያበራው ያንሳል። ዙሪያውን የሚረጭ መርጣችሁ ከክሩ አምፖል ርዝመቱ የማይበልጥ ግዙ።

ለምትልኩት ሰዎች ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይለያል። ባለ ጠፍጣፋው ገብቶ ካልበራ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ አውጥታችሁ ገልብጣችሁ አስገቡት። ኮንታክቱ ጠፍቶ ይሁን። የአምፖል ማስጠንቀቂያ ባላቸው የአውሮፓ መኪኖች ኳድሮው «አምፖል ተቃጥሏል» ሊል ይችላል፤ ለዚያ የሚጨመረው ባለ 6 ኦም ሬዚስተር በ12 ቮልት 24 ዋት ሙቀት ያወጣል። እሱን ከፕላስቲክና ከሽቦ ጋር በናስትሮ ያሰረ ሰው እሳት አስሯል። ብረት ላይ በቡሎን ነው የሚያዘው።

ቨርጂኒያ፦

ሬዚስተሩ ላይ ትክክል ነህ። ጥቁር መስታወት ላላቸው መኪኖች ግን አሁንም ጥሩ ኤልኢዲ እመርጣለሁ፤ 16 ዋቱ ለሌሊት አይበቃም።

ነጭ ቪትዝ፦

ማሳው ላይ 1.5 ቮልት አሳየ። ሶኬቱ ተጠርጎ ብረቱ ተጣጥፎ 0.4 ቀረ። የማሳው ሽቦ ቦዲው ላይ የታሰረበት ቡሎን ተፈትቶ ሥሩ ያለው ዝገት ተፍቆ ሲታሰር 0.1 ሆነ። አምፖሉ ላይ አሁን 12.0 ነው፤ ነጭ በርቷል። አንድ የቀረ፦ የተፋቀው ቦታ እንዳይዝግ ምን ይቀባ?

ዳዶ 10፦

መጀመሪያ አጥብቀህ እሰረው፣ ከዚያ ከላይ ቫዝሊን ወይም የባትሪ ግሪዝ ቀባው። ቀለም ከሥር እንዳትቀባ፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሶኬቱ ውስጥ ደግሞ ሲሊኮን ግሪዝ፣ በጣም በስሱ። ቫዝሊን የሶኬቱን ላስቲክ ያሳብጠዋልና እዚያ አታስገባው።

ሽፋኑ ውስጥ ጤዛ ካለ የመብራቱን ዙሪያ በሲሊኮን አትድፈን። ከሥሩ ትንንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱ ከተደፈኑ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፣ ሶኬቱም በክረምት መልሶ ይዝጋል። ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ክፈትና ለግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው።